ልሳን ሳይሰጠኝ

በልሳን ተናግሬ አላውቅም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው አንባቢ እስከ መጨረሻው "አሁን ትናገራለች" እያለ እንዳይጠብቅ ነው። ያኔም አልተናገርኩም፤ ዛሬም አልናገርም። አምላኬን ግን አመሰግናለሁ፤ ስለ ሰጠኝም፣ ስላልሰጠኝም።

ስለ ጸጋ ስጦታዎች የሚማሩ ወጣቶች ቤቴ ሲመጡ፣ "እማማ፣ የእርስዎ ስጦታ ምንድን ነው?" ይሉኛል። "አላውቅም" እላቸዋለሁ። ትሕትና ይመስላቸዋል። ትሕትና አይደለም። በደርግ ዘመን ይህን ጥያቄ ሁለት ሰዎች ጠይቀውኛል፤ ሁለቱም መልሴን አልወደዱትም። እኔም እስካሁን አልቀየርኩትም።

ቤታችን ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከደቻቱ ወንዝ ብዙም አይርቅም ነበር፤ ሁለት ክፍልና አንድ በረንዳ። ባለቤቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለሆነ የሳምንቱን ግማሽ የሚያሳልፈው መስመር ላይ ነው። እኔ ሦስት ልጆቼን እያሳደግሁ በረንዳው ላይ በእግር መኪና ልብስ እሰፋ ነበር፤ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሠራተኛ ቱታ፣ ሲታዘዝ ደግሞ የአብዮት ጥበቃ ካኪ።

ያደግሁት በኦርቶዶክስ ቤት ነው። ወደ ጴንጤዎቹ የሄድኩት ካገባሁ በኋላ ነው። ባለቤቴ "እኔ እዚያ አልሄድም፤ አንቺን ግን አልከለክልሽም" አለኝ። ቃሉን እስከ ዕለተ ሞቱ ጠበቀ። ስለዚህም አመሰግናለሁ።

ብዙም ሳልቆይ የጸሎት ቤታችን ታሸገ። አግዳሚ ወንበሮቹ የቀበሌ አዳራሽ ገቡ። እሁድ ጠዋት ስብሰባ ሲጠራ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠን ስለ መደብ ትግል እንሰማ ነበር፤ ያልመጣ ስኳር አያገኝም። እኛም በየሰፈሩ ተከፋፍለን በቤት ውስጥ መሰብሰብ ጀመርን። በእኛ ቡድን ዘጠኝ ነበርን። የሚመሩን ሽማግሌ ከባቡር ጣቢያ ጡረታ የወጡ ጸሐፊ ናቸው። ባርኔጣ የማይለያቸው፣ ቃሉን በደንብ የሚያስተምሩ፣ ፍርሃትም የማያጡ ሰው ነበሩ። ፍርሃቱን በነቀፋ አልጽፈውም። ሁላችንም እንፈራ ነበር።

የምንሰበሰበው ሐሙስ በእንቅልፍ ሰዓት ነው። ድሬዳዋን የሚያውቅ ይህን ሰዓት ያውቀዋል። ከሰባት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ባዶ ይሆናል፣ ሰው በየጥላው ይጋደማል። ለሚሄድ ሰው መልካም ነው፤ አይታይም። ለሚጸልይ ሰው ግን ክፉ ነው፤ ከተማው ጸጥ ስለሚል የሹክሹክታ ድምፅ እንኳ ሦስት ቤት አልፎ ይሰማል። ጎረቤትን ከጎረቤት የሚለየው ቆርቆሮ ብቻ ነበር።

ጸሎቱን በስፌት መኪና ድምፅ የመሸፈንን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከመንፈስ የመጣ ሐሳብ አይደለም፤ ከፍርሃት ነው የመጣው። ሌሎቹ የውስጠኛው ክፍል ገብተው መጸለይ ሲጀምሩ እኔ በረንዳው ላይ ሆኜ መኪናውን መርገጥ እጀምራለሁ። ጸሎቱ ዝግ ሲል ዝግ አደርጋለሁ፤ ከፍ ሲል አጥብቄ እረግጣለሁ። ሰው በር ላይ ከመጣ አቆማለሁ። መኪናው ቆመ ማለት ዝም በሉ ማለት ነው። ሌላ ምልክት አልነበረንም። ስብሰባው ሌላ ቤት ሲሆን ደግሞ ልብስ የማደርስ መስዬ መኪናውን በጋሪ አስጭኜ ልሄድ አልችልም፤ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰበሰበው እኔ ዘንድ ሆነ።

ጎረቤቴ ሙስሊም ናት፤ ባሏ መጋላ ሰፈር ሱቅ አለው። አንድ ሐሙስ በአጥሩ ላይ ጮኸችብኝ።

"አቦ አንቺ ሴትዮ! በዚህ ሙቀት ሸይጣን ራሱ ተኝቷል፤ አንቺ ትሰፊያለሽ?"

"ዩኒፎርም አለብኝ።"

"ባለፈው ሐሙስም ዩኒፎርም ነበር። የድሬ ልጅ ሁሉ ሐሙስ ሐሙስ ነው ሱሪ የሚቀደው?"

ሳቅሁ። እሷም ሳቀችና ገብታ ተኛች። ከመጀመሪያው ጀምሮ ታውቅ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

ከመካከላችን አንዲት እህት ነበረች፤ ሆስፒታል ውስጥ ልብስ አጣቢ ናት። በልሳን የምትጸልየው እሷ ነበረች። ሌሎቹም ይናገራሉ፤ የእሷ ግን ሌላ ነው። አንዳንድ ቀን ሕፃን የምታባብል ትመስላለች። አንዳንድ ቀን ከሰው ጋር የምትሟገት ትመስላለች። ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ አያውቅም። የምለው ሁሉ በእግሬ ያወቅሁት ነው፤ ድምፅዋን እየተከተልኩ ስለምረግጥ። ልሳንን የማቃልል የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። እሷ ስትጸልይ በረንዳ ላይ ሆኜ ላብና እንባ ተቀላቅሎብኝ ያውቃል። እንኳን ሰጣት።

ነገር የመጣው በከተማው ሌላ ቡድን ከተያዘ በኋላ ነው። ውስጣቸው ሰላይ ገብቶ ነበር ተባለ። ጥቅስ ይጠቅስ ነበር፤ መዝሙር ይዘምር ነበር፤ ጉልበቱ እስኪላጥ ይንበረከክ ነበር። ይህን ከሰማን በኋላ ሰው ማመን አቃተን። አዲስ ሰው ሲመጣ ዓይን ዓይኑን እናያለን። የቆየውንም ማየት ጀመርን።

ሽማግሌው አንድ ሐሙስ እንዲህ አሉ፦ "ካድሬ ጥቅስ ሊያጠና ይችላል፤ መዝሙርም ሊያጠና ይችላል። ልሳን ግን ከመንፈስ ቅዱስ ነው። ሰላይ ልሳን ከየት ያመጣል? ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የት እንደምንሰበሰብ የሚነገረው በልሳን ለሚናገር ብቻ ይሁን።"

ሁሉም አሜን አሉ። እኔም አሜን አልኩ። ከዚያ ስምንቱም ወደ እኔ ዞሩ።

ሦስት ሐሙስ እጃቸውን ጭነው ጸለዩልኝ። በእነዚያ ቀናት መኪናውን የሚረግጥ ስለሌለ ድምፃቸው እንዳይሰማ አፋቸውን በነጠላ እየሸፈኑ ነበር የሚጸልዩት። ምንም አልመጣም። እህቴ፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ጆሮዬ ሥር ሆና ትመክረኝ ነበር።

"አፍሽን ክፈቺና ጀምሪ። የመጣልሽን በይ፤ የቀረውን እሱ ይሞላዋል።"

"የመጣልኝ አማርኛ ነው።"

"አማርኛውን ተዪዋ!"

"እሱን ከተውኩ የሚቀረኝ ዝምታ ነው።"

አንዱ ሳቀ። ሽማግሌው አልሳቁም። "የጸጋ ስጦታሽ ምንድን ነው ታዲያ?" አሉኝ። "እግዚአብሔር ለእያንዳንዱ ይሰጣል። የአንቺ ምንድን ነው?"

"አላውቅም ጋሼ" አልኩ።

ልዋሽ እችል ነበር። የድሬዳዋ ሴት ነኝ። ከገበያ የለቃቀምኩት ሶማልኛ አለ፣ ኦሮምኛ አለ፣ ከጎረቤቴ የሰማሁት ዓረብኛ አለ። ደባልቄ በፍጥነት ባወርደው ምን ቋንቋ እንደሆነ የሚለይ አንድም ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። ሐሳቡ መጥቶብኛል፤ አልደብቅም። ነገር ግን ያልተሰጠኝን ተሰጠኝ ብዬ በእግዚአብሔር ስም መነገድ ፈራሁ። ከደርግ ይልቅ ይህን ፈራሁ።

በመጨረሻ እንዲህ ተወሰነ። ስብሰባው እኔ ቤት ሲሆን መኪናዬን እረግጣለሁ። ሌላ ቤት ሲሆን ግን የት እንደሆነ አይነገረኝም። በዚህ ተስማማሁ አልልም። መኪናዬን ግን መርገጤን ቀጠልኩ።

እንግዳው የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ከመሀል አገር ተዛውሮ ፋብሪካ የገባ ነው አሉ። ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ልብሱ ንጹሕ፣ አነጋገሩ ለስላሳ ሰው። በመጀመሪያው ቀን ተንበርክኮ በልሳን ጸለየ። ሽማግሌው አለቀሱ። እኔ በሦስት ሳምንት ያላገኘሁትን እሱ በአንድ ሰዓት አገኘ፤ የሚቀጥለው ሳምንት የት እንደሆነ ተነገረው። ቀናሁበት። ይህንንም እጽፋለሁ፤ ከዚህ በኋላ የምለውን አንባቢ በቅናት ነው ያለችው ብሎ ቢጠረጥር መብቱ ነው። እኔም ራሴን ጠርጥሬ ነበር።

ከዚያ አንድ ሐሙስ እኔ ቤት ሲጸልዩ ክሬ ተበጠሰ። ጸሎቱ በጣም ከፍ ብሎ ነበር፤ አጥብቄ ስረግጥ ክሩ ሄደና መኪናውን አቆምኩ። በር ላይ ማንም የለም። ግን ቆመ። ውስጥ ያሉት በአንድ ጊዜ ጸጥ አሉ። ልብስ አጣቢዋ እህት እንኳ፣ እንደ ጎርፍ የምትወርደዋ፣ በቃሏ መሀል ዝም አለች።

እንግዳው ግን ቀጠለ። መቀጠል ብቻ አይደለም፤ ድምፁን ከፍ አደረገ።

ክሩን ቀጠልኩ። መኪናው እንደገና ሲነሣ ሌሎቹም ጀመሩ። በኋላ አንድ በአንድ ሲወጡ ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው መጨረሻ ቀሩ። ፊታቸው በርቶ ነበር።

"አየሽ?" አሉኝ። "እኛ ሁላችን ፈሪዎች ነን። እሱ ግን መንፈስ ሲይዘው ደርግም፣ ቀበሌም የለም።"

ሳምንቱን ሙሉ አሰብኩበት። እሳቸው ያሉት እውነት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ድፍረት የሚሰጠው ሰው አለ፤ ከእኔ የተሻለ ሰው ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ሐሙስ ሆን ብዬ አቆምኩ። ከበረንዳው ወደ ውስጥ መጋረጃ ብቻ ነው ያለው፤ በቀዳዳው አየሁት። ስምንቱ አንገታቸውን ደፍተው እንደ ድንጋይ ደርቀዋል። እሱ እየጸለየ፣ አፉ ሳያቋርጥ፣ ዓይኑን ከፈተና ወደ በሩ አየ። እንግዳ ቀጥሮ እንደሚጠብቅ ሰው ነው ያየው። ማንም ሳይገባ ሲቀር መልሶ ጨፈነው።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ሽማግሌውን አስቀረኋቸው።

"ጋሼ፣ ያ ሰው ከእንግዲህ እኔ ቤት አይገባም።"

"ምን አደረገ?"

"መኪናው ሲቆም አይፈራም።"

"እምነት ነዋ!"

"እርስዎ እምነት የለዎትም?"

ፊታቸው ተለወጠ። በረንዳው ላይ ከነበረው በርጩማ ተነሡ።

"እግዚአብሔር መናፍስትን የመለየት ጸጋ ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣል። ለአንቺ ሰጥቶሻል?"

"አላውቅም።"

"እንግዲያ በምን ለየሽው?"

"በዓይኔ።"

"ስጦታ የሌላት ሴት ስጦታ ያለውን ልትመዝን ተነሣች!"

እኔ ብዙ አልናገርም። ያን ቀን ግን ከወትሮዬ በላይ ተናገርኩ።

"ጋሼ፣ የመንፈስን ስጦታ የቀበሌ መታወቂያ አደረጋችሁት። ያለው ይገባል፣ የሌለው ይመለሳል። መታወቂያ ደግሞ ሌባም ይይዘዋል።"

ባርኔጣቸውን አነሡ። "እንግዲህ ከእኛ ጋር አይደለሽም ማለት ነው" አሉ።

"እናንተ ካላችሁ።"

"አንቺ ነሽ ያልሽው።"

ሄዱ። ስብሰባው ሳቢያን ሰፈር፣ ልብስ አጣቢዋ እህት ቤት መሆኑን የሰማሁት ከብዙ ቀን በኋላ ነው። ለእኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ባለቤቴ ከመስመር ሲመለስ ነገርኩት። "ይሻልሻል" አለ። "ልጆች አሉሽ። በቤትሽ ጸልዪ፤ እግዚአብሔር ሳቢያን ብቻ ነው እንዴ ያለው?" ልክ ነው። እግዚአብሔር እኔ ቤትም ነበር። ግን ሐሙስ በእንቅልፍ ሰዓት መኪናዬ ላይ እቀመጥና እግሬ ሥራ ያጣል። ሦስተኛው ሐሙስ ላይ ጎረቤቴ በአጥሩ ብቅ አለች።

"ዩኒፎርሙ አለቀ?"

"አለቀ።"

ጥቂት አየችኝ። አንድ ሳህን የተቆረጠ ፓፓያ በአጥሩ ላይ አቀበለችኝና ገባች።

በእነዚያ ሳምንታት ሐዋርያው ስለ ስጦታዎች የጻፈውን ደጋግሜ አነበብኩ። ሌላ አስተማሪ አልነበረኝም። ስጦታዎቹን ሲዘረዝር ፈውስንና ልሳንን ይጠራል፤ በመካከላቸው ደግሞ መርዳትን ይጠራል፤ ድምፁን ዝቅ ሳያደርግ፣ እንደ ሌሎቹ እኩል። ሁሉም በልሳን ይናገራሉ ወይ ብሎ ሲጠይቅም አይናገሩም ማለቱ ነው። ይህን ሽማግሌው ከእኔ የበለጠ ያውቁታል፤ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ፍርሃት ግን የሚያውቀውን ሰው ያስረሳዋል። እጅ ዓይን ስላልሆነ ከሰውነት አይቆረጥም። እኔ ተቆርጬ ነበር፤ ያም ሆኖ ያመኝ ነበር። የተቆረጠ ነገር አያምም፤ ካመመኝ ገና አልተቆረጥኩም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

አንድ ሐሙስ ማምሻውን ጎረቤቴ እየሮጠች መጣች።

"ያንቺን ሰዎች ሳቢያን ላይ ለቀሟቸው።"

"የትኞቹን ሰዎች?"

"አቦ ተይኝ! ዩኒፎርሞቹን!"

ስንት ናቸው ብዬ ጠየቅኋት። ሰው ሲቆጥር ሰምታ ነበር፤ ስምንት። ዘጠነኛ ሰው የለም። እንግዳው የለም። ደስ ያለኝ እንዳይመስላችሁ። ልክ መሆኔን ያን ቀን ጠላሁት።

በማግስቱ ጠዋት ዳቦና ሻይ በፔርሙስ ይዤ፣ ልጆቼን ጎረቤቴ ዘንድ አድርጌ ሄድኩ። የያዟቸው ከቀበሌው በላይ ባለው፣ ከፍተኛ በምንለው ጽሕፈት ቤት ነው። በሩ ላይ የቆመው ዘብ የለበሰው ካኪ የእኔ ስፌት ነበር፤ የኪሱን ክዳን አይቼ አወቅሁት። "የማን ቤተሰብ ነሽ?" አለኝ። "የስምንቱም" አልኩት። አየኝና ወደ ውስጥ ገባ። ሲመለስ ሊቀ መንበሩ ይጠራሻል አለኝ።

ሊቀ መንበሩ የድሬ ልጅ ነው፤ ክፉ ፊት የለውም። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ነበር፤ አጠገቡ አንድ ጸሐፊ ተቀምጧል።

"አንቺ ሰፊዋ አይደለሽም? የእኛ ካኪ አንቺ ጋ ነው ያለው።"

"አዎ። አልደረሰም።"

"ይደርሳል። ስሚ፣ ስምሽ ዝርዝሩ ላይ ነበር። ግን ሰውዬአችን ሁለት ወር ሙሉ አላየኋትም አለ። ሽማግሌአችሁንም ጠየቅናቸው፤ 'እሷ ከእኛ ወጥታለች፣ ከእኛ አይደለችም' አሉ።" ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። "ይህን ፈርሚና ወደ መኪናሽ ተመለሺ።"

አነበብኩት። ከእነዚህ ሰዎች ጋር ግንኙነት የለኝም፣ ከእምነታቸውም ጋር፣ የሚል ነው። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነበር። አስወጥተውኛል። ሁለት ወር አንዳቸውም ደጄን አልረገጡም። መንገድ ላይ ሳገኛት ልብስ አጣቢዋ እህት ፊቷን አዙራብኛለች። ፈርሜ ብወጣ ማን ዋሸሽ ይለኛል? ራሳቸው ሽማግሌው ምስክሬ ናቸው። ትንሿ ልጄ ሁለት ዓመቷ ነው። ባለቤቴ የሚመለሰው ቅዳሜ ነው። ይህን ሁሉ አሰብኩ። ረጅም ጊዜ አሰብኩ እንጂ እንደ ጀግና ወዲያው አልመለስኩም።

እስክሪብቶውን መልሼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

"ከእነሱ ነኝ" አልኩ።

"አይደለችም አሉ እኮ!"

"እሳቸው አሉ። እኔ ነኝ እላለሁ።"

"አቦ፣ ሴትዮ! ላድንሽ ነው እኮ! ማን አስገድዶሽ ነው ጴንጤ ነኝ የምትዪው?" ወደ ጸሐፊው ዞረ። "እሺ፣ ጴንጤ ሁሉ ይንጫጫል አይደል? እስቲ ተንጫጪልኝ። በዚያ በልሳናችሁ ተናገሪ።"

"አልችልም።"

"አልችልም?"

"አልተሰጠኝም።"

ጸሐፊው ሳቁን አፈነ። ሊቀ መንበሩ አላፈነም። "ካልተንጫጫሽ ታዲያ ምኑን ጴንጤ ሆንሽ? ስጦታሽ ምንድን ነው?"

"ሽማግሌአችንም ይህንኑ ጠይቀውኝ ነበር" አልኩት። "ለእርስዎም የምመልሰው ያንኑ ነው። አላውቅም። ከእነሱ ግን ነኝ።"

ሳቁን አቆመ። ወረቀቱን ሰበሰበ። "ካኪውስ?" አለ።

"ልጆቼ ያሉበት ጎረቤቴ ቤት ላኩ። ካኪው የእኔ በረንዳ ላይ ነው፤ ቁልፍ መትከል ነው የቀረው።"

ወደ ሴቶቹ ክፍል አስገቡኝ። ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ነው፤ ከወንዶቹ የሚለየን ጣውላ ብቻ ነው። ከእኛ ሰዎች አራቱ ሴቶች ነበሩ። ሁለት የኮንትሮባንድ ሴቶችም አብረው ታስረዋል፤ አንዷ ሶማሌ፣ ትልቅ ሰው፣ ምንጣፉን ሁሉ ይዛ የተጋደመች። ስገባ ሁሉም አዩኝ። ማንም እንኳን ደህና መጣሽ አላለም፤ እዚያ ቦታ አይባልም። ልብስ አጣቢዋ እህት ግን ከግድግዳው ፈቀቅ አለችና አጠገቧ ቦታ ሰጠችኝ።

"እኔ ቤት ነው የተያዝነው" አለች ቀስ ብላ። "እኔ ነኝ በር የከፈትኩለት።"

"አውቃለሁ።"

"ከትናንት ጀምሮ አንድ ቃል አልወጣኝም። ልሳኔ ጠፋ። አማርኛውም ጠፋ።" እጄን ያዘች። "አንቺ ጸልዪ።"

"እኔ?"

"አንቺ አለሽ እኮ አማርኛው።"

ያ ሰው ልሳኑን ከየት እንዳመጣው ዛሬም አላውቅም። አጥንቶት ይሆናል። አንድ ጊዜ በእውነት ተሰጥቶት ኋላ የሸጠው ሰውም ይሆናል። ለመፍረድ አልተጠራሁም። የማውቀው ይህን ነው፤ ስጦታ አለው የተባለው እሱ አልታሰረም፤ ስጦታ የላትም የተባልኩት እኔ ግን እዚያ ነበርኩ።

ተንበርክኬ ጸለይኩ። ድምፄን የሚሸፍንልኝ ነገር ስላልነበረ አልሸፈንኩትም። "ጌታ ሆይ፣ አንድ ላይ ስላደረግኸን አመሰግንሃለሁ። ልጆቻችንን ጠብቅ። የምታበላቸውን ጎረቤቴን ባርክ። ሊቀ መንበሩንም። አሜን።" ይህ ብቻ ነው።

"አሚን" አለች ሶማሌዋ ከምንጣፉ ላይ። ከዚያ ቀና ብላ፣ "ያንቺ ጥሩ ነው፤ ያልቃል" አለች። "እነዚህ ትናንት ሲጀምሩ ዋላሂ እስከ ፈጅር ሶላት የሚቀጥሉ መሰለኝ።"

ሴቶቹ ሳቁ። ከታሰሩ ጀምሮ የመጀመሪያቸው ነው። ከጣውላው ማዶ ወንዶቹም አሜን ሲሉ ተሰማ፤ ከዚያ የሽማግሌው ድምፅ መጣ።

"ማን ናት የጸለየችው?"

"እሷ ናት" አለች ልብስ አጣቢዋ። ስሜን አልጠራችም፤ አላስፈለጋትም።

"እህቴ" አሉ ሽማግሌው። "ለምን መጣሽ? ከእኛ አይደለችም ያልኩት እንድትተርፊ ብዬ ነበር።"

"ጋሼ፣ ዋሽተዋል" አልኳቸው።

"ዋሽቻለሁ" አሉ። ቀጥለውም፣ "ያኔ በረንዳው ላይ ከእኛ አይደለሽም ስልሽም" አሉ።

ይህ ለእኔ በቂ ነበር። ከዚያ በኋላም ያለፈውን አንሥተን አልተነጋገርንም። አርባ ቀን ያህል ቆይተን ሁላችንም ወጣን፤ አንዳችንም አልፈረምንም። ልጆቼ ጎረቤቴ ዘንድ ወፍረው ጠበቁኝ።

ያን ቀን ግን ገና ጠዋት ነበር። ሻዩ በፔርሙሱ ውስጥ አልቀዘቀዘም ነበር። ልብስ አጣቢዋ በክዳኑ እየቀዳች በየተራ ስታቀብለን፣ ሽማግሌው ከጣውላው ማዶ ሆነው፣ "እኛ ጋ በደንብ አልተሰማንም፤ እስቲ ድገሚልን" አሉ።

ደገምኩላቸው። ከመጀመሪያው ያጠረ ነበር።